የፍራፍሬ ሥዕልን በባለ ቀለም እርሳስ ማቅለም፦ ለጅማ ክረምት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙም አይለየንም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ የቆርቆሮው ድምፅ ጨዋታ ሲያቋርጥ ብዙ ሰው ወደ ስልኩ ይዞራል። ይህ መመሪያ ያንን ሰዓት ለሌላ ነገር ማዋል ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። በመስመር ብቻ የተሠራ ዝርዝር የፍራፍሬ ሥዕል ወስዶ በባለ ቀለም እርሳስ ቀስ ብሎ ማቅለም ትልቅ ዕረፍት አለው። የመሣል ችሎታ አይጠይቅም፤ መስመሩ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ከእናንተ የሚጠበቀው ማየት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ፍሬውን ራሱን ፊት ለፊት ሳታስቀምጡ አትጀምሩ። ሙዝ ቢጫ ነው፣ ፓፓያ ብርቱካናማ ነው ብለን በሐሳባችን የያዝነው ቀለም ጠረጴዛው ላይ ካለው ፍሬ ጋር አይገጥምም። ያንን ልዩነት መፈለግ የተበተነ ሐሳብን ይሰበስባል፤ ፈጠራውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ማቅለም ያረጋጋል የሚባለው እንዲሁ በልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ናንሲ ከሪና ቲም ካሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው አነጻጽረው ነበር። አንዱ ቡድን ማንዳላ የሚባለውን ክብና ውስብስብ ንድፍ፣ ሁለተኛው በመስመሮች የተከፋፈለ የካሬ ንድፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ባዶ ወረቀት ተሰጠው። ንድፍ ያቀለሙት ጭንቀታቸው ሲቀንስ፣ ባዶ ወረቀት የተሰጣቸው ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም። ባዶ ወረቀት «ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ሥርዓት ያለው ንድፍ ግን እጅንም ዓይንንም መንገድ ያስይዛል። ከአናናስ ቅርፊት የበለጠ ሥርዓት ያለው ንድፍ ደግሞ ከየት ይመጣል?

ወረቀቱ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኅትመት የሚሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የመረጣችሁትን የመስመር ሥዕል እዚያ ማሳተም ትችላላችሁ። ወረቀቱን ግን አስመርጡ። ለፎቶ ኮፒ የሚውለው የተለመደው ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም ከተደራረበበት በኋላ ይለሰልስና ሌላ ቀለም መያዝ ያቆማል፤ በዝናብ ወራት አየሩ እርጥበት ስለሚበዛበት ደግሞ ይብስበታል። ከ160 እስከ 200 ግራም ያለውን ወፍራም ወረቀት ጠይቁ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ አትቀበሉ። ጣታችሁን ስታሳልፉበት ጥቂት ሻከር የሚል ወረቀት ነው እርሳስ የሚይዘው።

በሌዘር ማተሚያ የታተመ መስመር ቀለሙ በሙቀት ስለሚጣበቅ በእርጥበት አይፈስም። በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው ማሽን ከሆነ ግን ሥዕሉን አንድ ቀን ሳትነኩት ይድረቅ። ሠራተኛውን መስመሩን በጥቁር ሳይሆን በቀላል ግራጫ እንዲያትምላችሁ ጠይቁት። ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ውጤቱን ብዙ ይለውጠዋል፤ ግራጫው መስመር በመጨረሻ ከቀለሙ ሥር ይሰወርና ፍሬው በራሱ ቅርጽ ይቆማል። ሁለት ቅጂ ውሰዱ፤ አንዱ ለሙከራ ነው።

ፍራፍሬ የሞላበት ቅርጫት የሚያሳይ ሥዕል ለዓይን ደስ ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አይሆንም። አንድ ማንጎ ከሁለት ቅጠል ጋር ይበቃል።

እርሳሶቹ

ብዙ ቀለም ያለው ትልቅ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። ባለ 24 ሳጥን ከበቂ በላይ ነው፤ ባለ 12ቱም ያሠራል። ዋናው ነገር ሁለት ዓይነት ቢጫ (የሎሚ ቢጫና ሞቅ ያለ ቢጫ)፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይማ ቡናማ፣ ጥቁር ቡናማና ነጭ መኖራቸው ነው። ጥቁሩን እርሳስ ሳጥኑ ውስጥ ተዉት። ጥላ በጥቁር ከተሠራ ፍሬው የተጨማለቀ ይመስላል።

የእርሳስ ልብ በሰም ወይም በዘይት የተያዘ ቀለም ነው። ባለ ሰሙ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይሸፍናል፣ ጫፉ ግን ቶሎ ይደነዝዛል። ባለ ዘይቱ ጠንከር ስለሚል ሹልነቱን ይጠብቃል፣ ለጥቃቅን ክፍሎች ይመቻል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም ምንም አይከለክልም። መሬት ላይ የወደቀ እርሳስ ልቡ ከውስጥ ስለሚሰበር በቀረጻችሁት ቁጥር ጫፉ እየወደቀ ያስቸግራችኋል፤ ስለዚህ እርሳሶቹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አትደርድሯቸው። ከእርሳሱ ሌላ ጥሩ መቅረጫ፣ ለስላሳ ላጲስ፣ ደረቅ ጨርቅና ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ አዘጋጁ። የእስክሪብቶው ሥራ ከታች ይመጣል።

ቦታና ብርሃን

በመስኮት አጠገብ ተቀመጡ። በቀኝ እጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፤ ግራኝ ከሆናችሁ ከቀኝ። እንዲህ ካልሆነ የእጃችሁ ጥላ በምትቀቡት ቦታ ላይ ያርፋል። ማታ ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ አምፖል ሥር ስትሠሩ ቀላል ቢጫ ከነጭ ወረቀት ስለማይለይ ሳታውቁት ታበዙታላችሁ፤ ጠዋት ስታዩት ትደነግጣላችሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሻማ ከመቀባት እርሳስ መቅረጽና የሙከራ ወረቀት ማዘጋጀት ይሻላል። ከሥዕሉ ሥር ሁለት ሦስት የጋዜጣ ገጽ አንጥፉ፤ ከእጃችሁ ሥርም ንጹሕ ወረቀት ይኑር። የእጅ ላብና ቅባት ወረቀቱን ከነካው ቀለሙ በዚያ ቦታ አይይዝም።

ፍሬውን ከገበያ ማምጣት

ሐሙስ የጅማ ዋናው የገበያ ቀን ነው፤ ምርጫው ይበዛል። ለመብላት ስንገዛ እኩል የበሰለውን እንፈልጋለን፤ ለቀለም ግን ያልተስተካከለው ይበልጣል። ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ማንጎ፣ ጠባሳ ያለበት ፓፓያ፣ ነጠብጣብ የጀመረው ሙዝ ምረጡ። ነጋዴዋ ብትገረምም ያልበሰለውን ከበሰለው ጋር ቀላቅላ ትሰጣችኋለች።

ቤት ስትደርሱ እጥቡት፣ በነጭ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በመስኮቱ ብርሃን አኑሩት። ከዚያ እርሳስ ሳታነሱ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ እዩት። ከሁሉ የበራው ቦታ የቱ ነው? ከሁሉ የጨለመውስ? ጥላው ውስጥ ምን ቀለም አለ? ከሳህኑ ወደ ፍሬው ሆድ ተመልሶ የሚያርፍ ቀላል ብርሃን ታያላችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ያልፈዋል። ያያችሁትን በሙከራው ቅጂ ጠርዝ ላይ በትናንሽ ካሬዎች ቅቡና አስቀምጡ፤ የትኛው እርሳስ በየትኛው ላይ ሲደረብ ምን እንደሚሰጥ የምታውቁት እዚያ ነው። የስልክ ፎቶ ይህን አይተካም። ካሜራው ጥላውን አጥቁሮ፣ የበራውን አንጽቶ መካከል ያለውን ሀብት ያጠፋዋል።

ማንጎ፦ መደራረብን የምትማሩበት

የዚህ ሥራ መሠረት ቀለምን በስሱ መደራረብ ነው። ሽንኩርት እንደማቁላላት ነው፤ እሳቱ ከበዛበት ያርራል፣ የመጀመሪያው ጣዕምም አይመለስም። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ እጃችሁን አቅልሉ፣ ክብ ክብ በሆኑ ትናንሽ ጭረቶች ሂዱ።

መጀመሪያ የብርሃኑን ነጸብራቅ ቦታ በቀላሉ ከልሉና ባዶ ተዉት። በኋላ በነጭ እርሳስ አነሣዋለሁ አትበሉ፤ ባለ ቀለም እርሳስ ላይ ከወረቀቱ ነጭ የሚበልጥ ነጭ የለም። ከዚያ የቀረውን ሁሉ በሎሚ ቢጫ በስሱ አልብሱት። ቀጥሎ ብርሃን በማያገኘው ወገን ቢጫው ላይ እጅግ ስስ ሐምራዊ አኑሩ። ቢጫና ሐምራዊ በቀለም ክብ (ቀለሞች በዙሪያው በተራ በተደረደሩበት ክብ) ላይ ፊት ለፊት ስለሚገኙ አንዱ ሌላውን ያደበዝዘዋል፤ የሚወጣው ጥላ ሞቅ ያለና ሕይወት ያለው ነው። በላዩ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካናማ ይምጣ።

የማንጎ ቀይ ጉንጭ ዛፉ ላይ ሳለ ፀሐይ ያገኘው ወገን ነው። ስለዚህ ቀዩ በመስመር አይጀምርም፤ ከብርቱካናማው ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ወደ አረንጓዴው ሲደርስ ደግሞ ቡናማ ነገር ይሆናል። ጉንጩ ጨርሶ የማይቀላ፣ ሲበስል እንኳ አረንጓዴነቱን የማይለቅ ማንጎም አለ፤ ሳህኑ ላይ ያለውን እመኑ። ልጣጩን ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ፈዘዝ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት። እነዚህን ለማውጣት ቢጫው ከተቀባ በኋላ፣ ቀይና ብርቱካናማው ከመድረሱ በፊት፣ ቀለሙ ባለቀው እስክሪብቶ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ጫን በሉ። የተጎደጎደው ነጥብ ቀጣዩን ቀለም ስለማይቀበል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከሥር ያነጠፋችሁት ጋዜጣ ለዚህ ጭምር ነው።

አናናስ

ጊዜያችሁን የምትሰጡት ለዚህ ነው። አናናስ አንድ ፍሬ ይመስላል እንጂ ከብዙ አበቦች የመጡ ፍሬዎች ተጣብቀው የፈጠሩት ነው። እያንዳንዱ «ዓይን» የአንድ አበባ ቦታ ሲሆን፣ በዓይኑ ላይ ደርቃ የቀረች ትንሽ ሹል ቅጠል ትታያለች። ዓይኖቹ በዘፈቀደ አልተቀመጡም። በአንዱ አቅጣጫ የሚዞረውን ጠመዝማዛ ብትቆጥሩ ብዙ ጊዜ 8፣ በተቃራኒው የሚዞረውን ብትቆጥሩ 13 ታገኛላችሁ። አናናሱን በእጃችሁ እያዞራችሁ ቁጠሩት፤ ለልጆችም ቢሆን ግሩም ነገር ነው። ከዚያ የታተመውን ሥዕል እዩት። ዓይኖቹ በጠመዝማዛ ሳይሆን በቀጥታ እንደ ጡብ ከተደረደሩ ሣዩ አናናስ አላየም ማለት ነው፤ ሌላ ሥዕል ፈልጉ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ፍሬውን በሙሉ በሎሚ ቢጫ በስሱ ሸፍኑ። አናናስ ከታች ወደ ላይ ስለሚበስል ከታች ያለውን አንድ ሦስተኛ በሞቃት ቢጫና በጥቂት ብርቱካናማ አድምቁ፤ የላይኛውን በቀላል አረንጓዴ አልብሱ፤ መካከሉ ላይ ሁለቱን አገናኙ። ይህ ገና መደብ ነው፣ ዓይን አልተነካም። አሁን አንዱን ጠመዝማዛ ረድፍ ምረጡና ከታች እስከ ላይ በዚያ ረድፍ ብቻ ሂዱ። ከዓይን ወደ ዓይን መዝለል ሐሳብን ይበትናል፣ ቀለሙም ይዘበራረቃል። በረድፍ መሄድ ግን ሥራውን ቆጥሮ ይሰጣችኋል፤ አንድ ረድፍ ለአንድ ቁጭታ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ዓይን ጠርዙን በቀይማ ቡናማ ጀምሩና ወደ መካከሉ ሲቃረብ እጃችሁን እያቀለላችሁ አጥፉት። ያቺን የደረቀች ቅጠል በቀላል ቡናማና በነጭ ሥሯት፤ ከሥሯ አንዲት ቀጭን የጥላ ጭረት ከጨመራችሁላት ከወረቀቱ ብድግ ትላለች። በብርሃኑ ወገን ያለ ዓይን ሁለት ድርብ ቀለም ይበቃዋል፤ በጥላው ወገን ያለው አራት ይፈልጋል። ፍሬውን ክብ የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው፤ ሁሉንም ዓይን እኩል ያሳመረ ሰው የሚያገኘው ጠፍጣፋ ምንጣፍ ነው። በዓይኖቹ መካከል ያለውን ስርጓዳ መጀመሪያ በሐምራዊ፣ ከዚያ በጥቁር ቡናማ ሙሉት።

አናቱ ላይ ያሉት ቅጠሎች ንጹሕ አረንጓዴ አይደሉም፤ አመድማ ናቸው። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የቅጠሎቹን ጠርዝ በባዶው እስክሪብቶ አስምሩ፣ ከዚያ አረንጓዴውን በእርሳሱ ጎን አሳልፉበት። ጠርዙ ነጭ ክር ሆኖ ይቀራል። የፊተኞቹን ቅጠሎች አብሩ፣ የኋለኞቹን በጥቁር ሰማያዊና በአረንጓዴ አጨልሙ።

የተቆረጡ ፍሬዎች

ፓፓያን በአግድም ስትቆርጡት መካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይመስላል፤ በቁመት ስትቆርጡት ዘሮቹ በግድግዳው ላይ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ዘሮቹን ጥቁር አድርጋችሁ አትድፈኗቸው። እያንዳንዷ በሚያንሸራትት ስስ ከረጢት ውስጥ ናት፤ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቡናማ ደራርቡና በእያንዳንዷ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ቦታ ተዉ። የሚበላው ክፍል ከልጣጩ አጠገብ ፈዘዝ ብሎ ወደ ውስጥ እየደመቀ ይሄዳል።

አቮካዶ ተቃራኒው ነው፤ ከልጣጩ አጠገብ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀላል አረንጓዴ፣ መካከል ባለው ዘር ዙሪያ ቅቤ የመሰለ ቢጫ። ሦስቱን ቀለሞች እርስ በርስ አሻግሯቸው እንጂ በመስመር አትለዩዋቸው። በመጨረሻ ነጭ እርሳስ ወይም ቀላሉን ቢጫ ጫን ብላችሁ በላዩ ስታሳልፉበት የወረቀቱ ሻካራነት ይሞላና ልስላሴው ይወጣል። ይህን ማለስለስ ከሁሉም ድርብ በኋላ ብቻ አድርጉት፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ሌላ ቀለም አይቀበልም። የተቆረጠ አቮካዶ አየር ሲያገኘው ቶሎ ስለሚጠቁር ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ እስክትጨርሱ ያቆይላችኋል።

ሙዝን በአጭሩ፦ ልጣጩ ክብ አይደለም፣ ፊቶች አሉት። እያንዳንዱን ፊት የተለየ ድምቀት ስጡት፣ የቀረው ቀላል ነው።

የቡና ቅርንጫፍ

አናናስና ፓፓያ ከአሜሪካ አህጉር፣ ማንጎ ከደቡብ እስያ የመጡ እንግዶች ናቸው። ቡና ግን የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው፤ ጅማ ተቀምጦ የሐሩር ፍራፍሬ ሥዕል የሚያቀልም ሰው የቡና ቅርንጫፍ ቢዘል ቅር ይለኛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት አንድ ቅርንጫፍ ለምኑና ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት።

ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፤ ፍሬዎቹም በቅጠሎቹ መነሻ ላይ ይታቀፋሉ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ ያዘለ፣ ቀይና ደም የመሰለ ፍሬ አብሮ ይታያል። ቀዩን ፍሬ ክብ ለማድረግ በጥላው ወገን ከሥር አረንጓዴ አኑሩ፣ በላዩ ቀይ። በፍሬው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ክብ እምብርት አትርሷት፤ ያለ እርሷ ፍሬው ማንኛውም ቀይ ዶቃ ይሆናል።

ቅጠሉ ላይ እስክሪብቶው ዋና ሥራውን ይሠራል። ቅጠሉን በሙሉ በቀላል ቢጫማ አረንጓዴ ቅቡ፤ ጅማቶቹን ከመካከለኛው ጀምሮ ወደ ጠርዝ በባዶው እስክሪብቶ ቅረጹ፤ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴውን በእርሳሱ ጎን አቅልላችሁ አሳልፉ። ጅማቶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ብቅ ይላሉ። የቡና ቅጠል ላይኛው ገጽ ስለሚያብረቀርቅ በየጅማቱ መካከል ነጣ ያለ ቦታ ይኑር። ለጋዎቹ ቅጠሎች ቡናማ ነሐስ የመሰለ መልክ ያላቸው የቡና ዓይነቶችም አሉ፤ ካገኛችሁ አትለፏቸው።

ካያችሁት ወደ ራሳችሁ

ሁለት ሦስት ሥዕል እንዳያችሁት ካቀለማችሁ በኋላ መለወጥ ጀምሩ። አንደኛው መንገድ እርሳሶቹን ወደ አምስት መቀነስ ነው፤ አረንጓዴ ሳይኖራችሁ አቮካዶ ለማቅለም ስትገደዱ ቢጫና ሰማያዊ መቀላቀል ትማራላችሁ። ሌላው የቀኑን ሰዓት መለወጥ ነው፤ ያንኑ ማንጎ ዝናብ ባዘለ ግራጫ ብርሃን፣ ከዚያ በማለዳ ፀሐይ ቅቡት። ወይም ደግሞ መደቡን የራሳችሁ አድርጉ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአናናሱ ሥር ብታስቀምጡት ከባዶ ነጭ ብዙ ይበልጣል። መደቡ ግን ከፍሬው የፈዘዘ ይሁን።

በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በቂ ነው። አንገት ሲደክም እጅ ይከብዳል፣ የከበደ እጅ ደግሞ ወረቀቱን ይጎዳል። ከልጆች ጋር ከሆነ የራሳቸውን ቅጂ ስጧቸው፣ አታርሟቸው፤ ፍሬውን እየነኩና እያሸተቱ ይሥሩ።

ከጨረሳችሁ በኋላ በባለ ሰም እርሳስ የተሠራ ሥዕል በቀናት ውስጥ ነጣ ያለ ጭጋግ ሊያወጣ ይችላል። የተበላሸ አይደለም፤ ሰሙ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ጥረጉት። በዝናብ ወራት ሥዕሎቹን በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ በላስቲክ ማኅደር ውስጥ፣ ከግድግዳና ከወለል ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ አኑሯቸው። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘውን ግድግዳ ምረጡ፤ ሮዝና ሐምራዊ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ቀድመው ይደበዝዛሉ።